የስቶማ ባግ (ብዙዎች ኮሎስቶሚ ባግ የሚሉት)፦ አንድ ወጥ ወይስ ባለ ሁለት ክፍል?

ወንድሜ በአልሰረቲቭ ኮላይቲስ (የትልቁ አንጀት ቁስለት) ምክንያት ትልቁ አንጀቱ ከወጣ ወዲህ፣ ሰገራው ከትንሹ አንጀት ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ (ስቶማ) ወጥቶ እዚያው በተለጠፈ ባግ ይጠራቀማል፤ የቤታችን ባግ ገዢም እኔ ነኝ። ይህን የሰማ ሁሉ «የትኛውን ልግዛ?» ይለኛል። መልሴን ላስቀድም፦ ከረጢቱና ማጣበቂያው የተያያዙበትን፣ ከታች ተከፍቶ የሚፈሰውን አንድ ወጥ ግዙ።

ባለ ሁለት ክፍሉ ሲያወሩለት ደስ ይላል። ሆድ ላይ የሚለጠፈው ፕሌት 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ ከረጢቱ ብቻ ይቀየራል። ጣጣው ሁለቱን የሚያያይዘው ቀለበት ላይ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ከረጢት የሌላው ፕሌት ላይ አይገጥምም። ጅማ ውስጥ ፕሌቱን አግኝታችሁ ከረጢቱን «አልቋል፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ» ትባላላችሁ። ዕቃው ግማሽ፣ የወጣው ብር ግን ሙሉ!

ዋጋ ስትጠይቁ የፍሬውን ብቻ አትስሙ፤ በቀን ስንት እንደሚያስወጣ አስሉ። በግማሽ ዋጋ ተገዝቶ በቀኑ የሚለቅ ባግ፣ 3 ቀን ከሚቆየው አንድ ተኩል እጥፍ ያስወጣል።

አንድ ጊዜ «ያው ነው» ተብሎ ፎርጂድ ተሸጠልን። ማሸጊያው ከዋናው አይለይም። ማጣበቂያው ግን ደረቅ ፕላስተር ነው። በክረምቱ እርጥበት ጠርዙ ተላጠና ፈሳሹ ከሥሩ ገባ። ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ስላለበት ቆዳ ይልጣል። የቆጠብነው ብር ለቅባት ወጣ። ተለጣፊ ባግ በ1954 እ.ኤ.አ. ያሰበችው ዴንማርካዊቷ ነርስ ኤሊሴ ሶረንሰንም ጭንቀቷ እህቷ ሰው መሀል እንዳይፈስባት ነበር። ደህናው ማጣበቂያ በጣት ሲጫኑት ለስለስ ይላል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይበልጥ ይይዛል። ለጥፋችሁ መዳፋችሁን ትንሽ አቆዩበት።

የባጉ ቀዳዳ በስቶማው ልክ በመቀስ የሚቆረጠውን ውሰዱ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 8 ሳምንታት የስቶማው እብጠት ስለሚጎድል ልኩ ይለወጣል። ተቆርጦ የመጣውን በካርቶን የገዛ ሰው ቅናሹ ገደል ገባ ማለት ነው። በነዚያ ሳምንታት ከቡና ቁርስ ፈንዲሻና ቆሎም ይቅር፤ ስቶማውን ሊዘጉ ይችላሉ። ጅማ ላይ ይህን ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ባጉን ደግሞ ሲሦው ሲሞላ አፍስሱት፤ ክብደቱ ምርጡንም ይነቅላል።

ባለ ሁለት ክፍሉን የምመክረው ቆዳው ቶሎ ለሚቆስልና ከአዲስ አበባ ሁለቱንም ሳያቋርጥ የሚልክለት ዘመድ ላለው ብቻ ነው።