የ40 ሚሊ ሜትር ጎማ በቦርከና ዳርና በሐረጎ

የቦርከናን ወንዝ ዳር ኮረኮንችና በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በአንድ ብስክሌት ለሚሠራ 700 በ40 (ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ) ጎማ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ነፋሱ ከተስተካከለ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ከመነዳሪ ላለው ጎማ ፊት 40፣ ኋላ 45 ፒ.ኤስ.አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል። ጎሚስታዎች ባጃጅ ስለለመዱ እስኪደነድን ይሞሉታል፤ ያኔ ጠጠር ላይ ይነጥራል፣ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል። ከ30 በታች ከወረደ ደግሞ ድንጋይ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ይቆነጥጠዋል። ምልክቱ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። ቀዳዳው አንድ ከሆነ ግን እሾህ መሆኑ አይቀርም፤ ከመለጠፍ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት መዳሰስ ነው፣ አለዚያ አዲሱንም ይበሳዋል።

ድክመቱ ዋልካ ላይ ነው። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጥርሱን ሞልቶ ሹካው ሥር ይጠቀጠቃል፤ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለ ጎማው መዞር ያቆማል። በክረምት ባይሞከር ይሻላል።

ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ሐረጎን መውረድ ፍሬን ይፈጃል። ፍሬኑን ይዞ ከመውረድ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጎ መልቀቅ። የከመነዳሪው አፍ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ወደ ወፍራም አፍ የምትቀይረው ትንሿ መቀየሪያ ትያዝ፤ የጎሚስታው ቱቦ አይገጥምለትም።