በገና ከክረምት እስከ ፋሲካ፦ የአንዲት ቫዮሊን አስተማሪ ግምገማ

ይህ በገና እጄ የገባው ባለፈው ክረምት ነው። አሁን ፋሲካ አልፏል። የደብረ ብርሃንን ዝናብ፣ የጥቅምትን ውርጭና የሁዳዴን ረጅም ምሽቶች አብረን አሳልፈናል። "እንዴት ነው፣ ይገዛል?" የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ የታዘብኩትን ልጽፈው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣሁ ይታወቅልኝ። የተማርኩት ቫዮሊን ነው፤ ልጆችም የማስተምረው ቫዮሊን ነው። እጄ ያደገው በአውሮፓውያኑ የሙዚቃ ደራሲዎች በባህና በቪቫልዲ ሥራዎች ላይ ነው። በገናን በጾም ሰሞን በሬዲዮ ከመስማት በቀር አላውቀውም ነበር። የገዛሁትም ደርዳሪ ልሁን ብዬ አይደለም። ጆሮዬ ሰልችቶኝ ነው። አንድን ሥራ ለዓመታት ስትጫወቱት ጣት መንገዱን ብቻውን ይሄደዋል፣ ጆሮ ደግሞ ይተኛል። የሚቀሰቅሰኝ ነገር ፈልጌ ነበር።

ዕቃው እንዲህ ነው። ገበቴው የዋንዛ እንጨት ሆኖ ፊቱ የከብት ቆዳ ለብሷል። ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ ቀንበር፣ አሥር አውታር አለው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ዋጋው ለተማሪዎቼ ከማስገዛው ቫዮሊን ያንሳል። የእንጨት ሥራው ንጹሕ ነው፤ አንደኛው ምሰሶ ላይ የተቀረጸው መስቀል ብቻ ትንሽ ያዘነብላል። ለድምፁ ምንም አያደርገውም፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

አውታሮቹ የበግ አንጀት ናቸው። ናይለን ይሻልሻል፣ አያስቸግርሽም ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አንጀት ካልሆነ አልኩ። ምክንያቴም ከቫዮሊን የመጣ ነው። ባህ ስድስቱን ለብቻ ቫዮሊን የተጻፉ ሥራዎቹን እ.ኤ.አ. በ1720 በእጁ ገልብጦ ሲያስቀምጥ የቫዮሊን አውታርም በአብዛኛው አንጀት ነበር። ብረትና ሰው ሠራሽ አውታር የገነነው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ፣ አንጀት ግን በጣቴ ነክቼ አላውቅም። ያውም በበግና በባና የታወቀው የመንዝ ጎረቤት ሆኜ!

አንጀት ደስ ይላል፤ ግን አመል አለው። እርጥበት ይጠጣል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ክረምቱም ቀልድ አያውቅም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቃኘሁት ቅኝት አድሮ አይገኝም። ቆዳውም አብሮ ይረግባል፣ ድምፁ ይታፈናል። ጥቅምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ጧት ውርጭ፣ ቀትር ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ አየሩም ደረቅ ነው። ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁ ይጠራል፣ አንጀቱም ቋ ብሎ ሊበጠስ ይችላል። እኔ ላይ ተበጥሷል። ቀንበሩ ላይ ያሉት የመቃኛ እንጨቶችም በበጋ ይንሸራተታሉ። የቫዮሊን ቁልፍም በዚህ አየር ተመሳሳይ አመል ስላለው ይሄኛው አላስደነገጠኝም። መፍትሔው ከምድጃና ከመስኮት ማራቅ፣ ጨርቅ ማልበስ ነው። ሌላ ብልሃት አላገኘሁም።

የእንዝራው ነገር ግን ሌላ ነው። እንዝራ ማለት በአውታሩና በበርኩማው (አውታሮቹን ደግፎ በሚይዘው ድልድይ) መካከል የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። አውታሩ ሲነካ በርኩማው ጠርዝ ላይ እየደጋገመ እንዲመታ የምታደርገው እሷ ናት፤ ያ የምናውቀው የበገና ድዝዝታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፀጉር ታህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካለች ድምፁ ይሞታል። አሥር አውታር፣ አሥር እንዝራ። መጀመሪያ አካባቢ አውታሩን ከመቃኘት ይልቅ እንዝራውን በማስተካከል የማጠፋው ጊዜ ይበልጥ ነበር። የስልኬ መቃኛ አፕም ምንም አልረዳኝም። ድዝዝታው ውስጥ ብዙ ድምፅ ስላለ አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች ይዘላል። ደግሞም በገና የሚቃኘው ለደርዳሪው ጉሮሮ ነው እንጂ ቫዮሊን እንደሚቃኝበት በሴኮንድ 440 ንዝረት ላለ ቁርጥ ልክ አይደለም። አፑን አጠፋሁትና በራሴ ድምፅ መቃኘት ጀመርኩ።

ቫዮሊን ተምሮ ያደገ ጆሮ ድዝዝታውን መጀመሪያ እንደ ብልሽት ነው የሚሰማው። እኛ ስንማር ከድምፅ ላይ ማንኛውንም ጩኸት ስናጸዳ ነው የኖርነው። ቫዮሊን እንዲህ ቢል ወዲያው ጠጋኝ ጋ ይሄዳል። እዚህ ግን ተፈልጎ፣ ተለፍቶበት የሚመጣ ነው። ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል። ዛሬ የቫዮሊኔ ድምፅ አንዳንዴ በጣም የተላጨ ይመስለኛል።

ጣትስ? አሥሩንም አውታር የሚነኩ ደርዳሪዎች አሉ። ብዙዎች ግን የተወሰኑትን ይጠቀሙና የቀሩት ለጣት ማረፊያ ይሆናሉ። እኔም የያዝኩት ይህን ነው። ለቫዮሊን ተጫዋች ከባድ አይደለም። የዜማው ዙር አጭር ነው፣ በጥቂት ሳምንት ጣት ይይዘዋል። ታዲያ ቶሎ ተማርኩ ብዬ ነበር።

የዚህ መሣሪያ ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ በገና ቃል ይጠይቃል። ቫዮሊን ያለ ቃል ይኖራል። ባህ ከእነዚያ ስድስት ሥራዎች የአንዱ መደምደሚያ በሆነችው ረጅም ቻኮን ምን ሊል እንደፈለገ እስከ ዛሬ መከራከር ይቻላል፣ ቫዮሊኑ ግን ለማንም አይመሰክርም። እኔም በዚህ ተደብቄ ኖሬያለሁ። "ሙዚቃው ራሱ ይናገራል" ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን የሚጫወተውን ሰው ከመናገር ያድነዋል። በገና ላይ መደበቂያ የለም። ጣት ያንኑ ዙር ይዞ ይመላለሳል፤ ይዞሽ የሚሄደው ቃሉ ነው። ሞትን፣ የዚህን ዓለም አላፊነት፣ የሰውን ከንቱ ድካም በገዛ አፍሽ፣ ያውም በቀስታ ትናገሪዋለሽ። መዝፈን የማልወድ ሰው ነኝ። አፌን ያስከፈተኝ ይህ እንጨት ነው።

ከአከራዬ ከእትዬ ጋር ያለንን ልንገራችሁ። ሁዳዴ ውስጥ አንድ ምሽት ስደረድር በሩ ላይ ቆመው ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ምነው ተጣደፍሽ?" አሉኝ።

"አልተጣደፍኩም እትዬ፣ ልኩ ነው።"

"የፊተኛውን ሳላስበው ሌላ አመጣሽብኝ።"

ከዚህ የተሻለ የሙዚቃ ትምህርት ከማንም አላገኘሁም ብል አላጋነንኩም። ቫዮሊን ላይ ዝምታ ይቆጠራል፤ ሁለት ምት ከተባለ ሁለት ምት ነው። እትዬ የጠየቁኝ ግን ቃሉ እስኪዋጥ እንድጠብቅ ነው። ከዚያ ወዲህ በስንኝና በስንኝ መካከል ጣቴ ዙሩን ደጋግሞ ይዞራል፣ እኔ ዝም እላለሁ። መቼ እንደምቀጥል የሚነግረኝ ሜትሮኖም፣ ማለትም ምት ቆጣሪ መሣሪያ፣ የለም።

ይሄ ነገር ንባቤ ውስጥም ገባ። የአማርኛ ግጥም የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም እንዳለው፣ ስድስት በስድስት ሆኖ መሐሉ ላይ እንደሚያርፍ ትምህርት ቤት ተምረናል። ሰንጎ መገን ደግሞ አምስት በአምስት ነው። ለፈተና ሸምድጄ፣ ከፈተናው በኋላ ረስቼው ነበር። አሁን ግን ያቺ የመሐል ዕረፍት የት እንዳለች ጣቴ ያውቃታል፤ ትንፋሼ እዚያ ያልቃል። ግጥም ሳነብ ድምፄን አውጥቼ፣ በገናው እየዞረ ነው። ገጽ ላይ ሲያዩት የሚያምር፣ ለዓይን ተብሎ የተሰባበረ ግጥም በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃል። የድሮዎቹ ይቆማሉ። ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ ገጣሚ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ። እኔም ራሴ ግጥሞች መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ገና ስላልበሰሉ እዚህ አላሰፍራቸውም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው፤ ግን ካይሮ ሄደው ቫዮሊንም ተምረዋል። ከዚያ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም አረፉ። ፒያኗቸውን ድሮ ስሰማ የፒያኖ ደራሲውን ሾፓንን ነበር የምፈልገው። አሁን የምሰማው አንድ ሐሳብ ይዞ የሚዞር እጅና በላዩ ላይ ያለ ቸኮላ የሚናገር ሌላ እጅ ነው። ያንን የሰማሁት በገናው ጆሮዬን ስላዞረው ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን መሣሪያዎች አብሬ ለማጫወትም ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ድዝዝታው የቫዮሊኑን ቀጭን ድምፅ ይውጠዋል፣ ቫዮሊኑ ደግሞ የበገናውን ዝምታ አያስቀምጥም። «እረኛው ዋሽንተኛ» በተባለው ሥራቸው ዋሽንትን ወደ ኦርኬስትራ ያመጡት የሙዚቃ ደራሲው ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ እንዴት እንደቻሉት ይደንቀኛል። እሳቸው ልብ ወለድም ጽፈዋል፤ ከቃል ጋር የተጣሉ ሙዚቀኛ አልነበሩም ማለት ነው። እኔ ለጊዜው ለየብቻ ማለቱን መርጫለሁ። ለቫዮሊን ተማሪዎቼ ግን አንድ ነገር ቀይሬያለሁ፦ አንድን ዜማ ከመጫወታቸው በፊት ቃል አውጥተውለት እንዲያንጎራጉሩት አደርጋለሁ። ትንንሾቹ ይስቃሉ። አጨዋወታቸው ግን መተንፈስ ጀምሯል።

ቅሬታ አለኝ። መለዋወጫ አውታር እዚህ እንደልብ አይገኝም። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን መንገድ በተዘጋ ቁጥር አንድ የተበጠሰ አውታር ለሳምንታት ባዶውን ይቀመጣል። በመሃል አንዱን በናይለን ተካሁት። ቅኝቱን ይይዛል፣ አይካድም፤ ድዝዝታው ግን ቀጠን ብሎ ከጎረቤቶቹ ጋር አይገጥምም። ጉዞም አይመችም። ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ አይያዝ፣ ከላይ አይጫን። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠይቆኛል፤ ሳስበው አልፈረድኩበትም። ድምፁም ዝቅ ያለ ስለሆነ ያለ ማይክ አዳራሽ አይሞላም። ለእኔ ይሄ ቅሬታ አይደለም፤ መድረክ ለምትፈልጉ ግን እወቁት።

ማን ይግዛው? ቶሎ ውጤት ማየት የሚፈልግ፣ ወይም ለግድግዳ ጌጥ የሚፈልግ ሰው ባይደክም ይሻላል። ግጥም የሚያነብ፣ ብቻውን መቀመጥ የማይፈራ ሰው ይሞክረው። ስትገዙ ሠሪው ፊታችሁ አሥሩንም አውታር አንድ በአንድ ያሰማችሁ፤ አንዱ እንኳ ካልደዘዘ እንዳትቀበሉ። እንዝራውን እንዴት እንደሚያስተካክል እጁን እያያችሁ ተማሩ፣ ስልክ ላይ ቅረጹት። ከዋጋው ላይ ከመከራከር ይልቅ ትርፍ አውታር እንዲጨምርላችሁ ተከራከሩ። ሽፋን ደግሞ እኔ ከባና ነው ያሰፋሁት፤ ብርዱን ይከላከላል፣ ዝናብ ሲነካው ግን ስለሚከብድ ከላዩ ላስቲክ ደርቡበት።