ባለ አንድ እጀታ የባኞ ሚክሰር፦ ከመንፈቅ አገልግሎት በኋላ

የድሮው ባለ ሁለት እጅ የባኞ ቧንቧችን ጎሚኒው በተቀየረለት ቁጥር ትንሽ ሰንብቶ መልሶ ይንጠባጠብ ነበር። ጥፋቱ የጎሚኒው አልነበረም። ጎሚኒው የሚያርፍበት የብረት ከንፈር በውሃ ተበልቶ ሸካራ ስለሆነ አዲሱንም ወዲያው ይፈጨዋል። ስለዚህ ሙቅና ቀዝቃዛውን በአንድ እጀታ የሚቀላቅል ሙሉ ሚክሰር ገዝቼ ራሴ ገጠምኩት፤ ይኸው መንፈቅ አለፈው።

መግጠሙ አይከብድም። ከግድግዳ በሚወጡት የሙቅና የቀዝቃዛ መስመሮች መሀል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትንሽ ቢዛነፍ ከሚክሰሩ ጋር የሚመጡት ጠማማ ማገናኛዎች ያስተካክሉታል። ጊዜ የሚፈጀው ሁለቱን እኩል ማውጣቱ ነው። አንዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከቀደመ ዳዶው ጎሚኒው ላይ ተስተካክሎ አይቀመጥም፣ ቢጠብቅም ያፈሳል። የሚጠመጠመው ስስ ቴፍሎን ግድግዳው ውስጥ ለሚገባው ጥርስ ብቻ ነው፤ ዳዶው ጋ ውሃውን የሚይዘው ጠፍጣፋው ጎሚኒ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሚክሰሩ ከመግባቱ በፊት መስመሩን ከፍታችሁ ውሃው ቆሻሻውን ይዞ ይውጣ። አሸዋና የዝገት ፍርፋሪ የካርትሪጁን (ከእጀታው ሥር ሆኖ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ሴራሚክ ይጭረዋል።

በካርትሪጁ በጣም ደስተኛ ነኝ። ሁለት የሴራሚክ ገበታዎች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ስለሚከፍቱና ስለሚዘጉ አጥብቆ መዝጋት የሚባል ነገር ቀርቷል። ልጅ ሲታጠብ በሳሙና በተለወሰ እጅ፣ ሲብስም በክርን ይዘጋል። እስካሁን አንዲት ጠብታ አላየሁም። ሙቀቱን ግን በራሱ አይጠብቅም፤ ወጥ ቤት ቀዝቃዛ ውሃ ሲከፈት ሻወሩ ድንገት ይግላል። ትንሽ ልጅ ወይም አዛውንት ያለበት ቤት ቢወደድም ሙቀቱን በራሱ የሚጠብቅ ቴርሞስታት ያለውን ይግዛ።

የማልወድለት ወደ ሻወር መቀየሪያውን ነው። ወደ ላይ የሚሳበው ጉብታ ቆሞ የሚቆየው በውሃው ግፊት ነው። ግፊቱ ሲደክም ይወርዳል፤ ፀጉር በሳሙና እንደተሞላ ውሃው ገንዳው ውስጥ ይፈስሳል። በቅርቡ ደግሞ ጭራሽ መንቀሳቀስ አቃተው። ፈትቼ ሳየው ቀለበት ጎሚኒው ዙሪያ ነጭ የኖራ ቅርፊት እንደ ጨው ተጋግሯል። የብረቱን ዘንግ ኮምጣጤ ውስጥ ትንሽ ዘፍዝፌ፣ አለቅልቄ መለስኩት፤ አሁን ይሠራል። ውጪውን ክሮም ግን በኮምጣጤ አትዘፍዝፉት፣ ያበላሸዋል። ለሱ ከታጠቡ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል፤ የኛው እንደ አዲስ ያበራል።

ዛሬ ብገዛ መቀየሪያው የሚሳብ ሳይሆን የሚዞረውን እመርጥ ነበር፤ እሱ በግፊት ላይ አይመካም። አካሉ የነሐስ መሆኑን በክብደቱ አጣሩ፤ የቀለለውን ተዉት። የካርትሪጁንም ልክ ጠይቁ። የኔው 35 ሚሊ ሜትር ነው፣ 40ም በብዛት አለ፤ አንድ ቀን መቀየሩ ስለማይቀር መለዋወጫው የሚገኝለትን ያዙ።