የአባቴን ጽሁፍ ላተረፈልኝ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን ምስጋና ልጽፍ ስነሳ እንባዬ እየቀደመኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልጽፈው ቀረሁ። ዛሬ ግን ሳልጨርስ አልነሳም።

ነገሩ የአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነገር ነው። ቶሺባ ነው። በ2005 ዓ.ም እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ለአባታችን ያመጣችለት። አባቴ የገጠር መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራዬ ብሎ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዘር ሐረጋችንን መጻፍ። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን የት ሄዶ ቀረ፣ ማን ማንን አገባ። መንዝ ድረስ እየሄደ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ በደብተር ይጽፋል። ማታ ማታ ደግሞ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በሁለት ጣቱ ይተይባል። ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

ያወጣሁት ለልጄ ብዬ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። የመልቀቂያ ፈተናው በ2016 ዓ.ም በኦንላይንም መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ጭንቁ ኮምፒውተር ነው። አዲስ ልግዛ ብዬ ሱቅ ገባሁ። የነገሩኝን ዋጋ ስሰማ አመስግኜ ወጣሁ። ልጄ ናት «የአባባ ላፕቶፕ አለ አይደል?» ያለችኝ።

መብራት አለው፣ ይነሳል። ግን አነሳሱ! ተጭኜው ሄጄ፣ ቡና አፍልቼ፣ አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ክቧ ገና ትሽከረከራለች። አንድ ጽሁፍ ለመክፈት ሌላ ዘመን። ልጄ ሁለት ቀን ታግላ ተወችው።

ከዚያ መንከራተቱ ጀመረ። የማንንም ስም አላነሳም፤ የልቤን ግን ልናገር። የመጀመሪያው ቤት «ነገ ነይ» እያለ ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። በመጨረሻ ሲሰጠኝ ፎርማት አድርጎታል፤ ዊንዶውሱ ያለበትን ክፍል ጠርጎ እንደ አዲስ ጭኖታል። ሳይጠይቀኝ። «ውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ?» የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ደግነቱ የአባቴ ጽሁፎች ዲ በሚባለው ክፍል ስለነበሩ አልጠፉም። ስከፍታቸው ግን ሌላ ነገር ሆነው ጠበቁኝ። ነጥብና ጭረት የተደረገባቸው የፈረንጅ ፊደላት፣ ምልክት በምልክት። ገጹ ሙሉ ነው፤ አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ፍጥነቱም ያው፣ ምንም አልተሻለውም። ገንዘቡን ግን ከፈልኩ።

ሁለተኛው ቤት ጽሁፉን ከሩቅ አይቶ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ቫይረስ በልቶታል፣ አጥፊው» አለኝ። የአባቴን የስንት ዓመት ልፋት! ሦስተኛው ደግሞ ሳይከፍተው ሳቀ። «ይሄ እኮ ዘመኑ አልፏል፣ ለመለዋወጫ ልግዛሽ» አለኝና ለማየቱ አስከፈለኝ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ላፕቶፑን አቅፌ እየሄድኩ፣ አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ።

ወደዚህ ልጅ የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷንም እግዚአብሔር ይስጣት። መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት፣ ሁለት ሰው ከቆመበት የምትሞላ ጠባብ ሱቅ። ወጣት ነው። ወንበር አቀረበልኝ፣ ላፕቶፑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«ማዘር፣ ከመንካቴ በፊት ልጠይቅዎት። ውስጡ ካለው ነገር ቢጠፋ የሚያስለቅስዎት አለ?»

በቃ። እኔ እዚያው ማልቀስ ጀመርኩ።

ነገርኩት። ከፈተውና ጽሁፉን አየ። አልቸኮለም። ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። «ይሄ ቫይረስ አይደለም። የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ቪዥዋል ግዕዝ ይመስለኛል። ፎርማት ሲያደርጉት ፊደሉ አብሮ ጠፍቶ ነው እንጂ ጽሁፉ ምንም አልሆነም» አለ። መሳቢያውን ከፍቶ ፍላሽ በፍላሽ እየቀያየረ ፈለገ። ሁለት ደንበኛ መጣ፣ «ትንሽ ጠብቁኝ» አላቸው። አንድ ነገር ጫነ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ።

ያ ሁሉ ምልክት አማርኛ ሆነ። ዓይኔ እያየ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ልጆቼ ሆይ፣ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ትጋቡ ዘንድ ይህን ጻፍኩላችሁ።» የአባቴን ድምጽ የሰማሁ መሰለኝ። ልጁ ምንም አላለኝም። ተነስቶ ውኃ አመጣልኝ፣ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና ደንበኞቹን ይዞ ውጭ ቆመ። እስክረጋጋ ድረስ አልገባም።

ይህን ያደረገው ገና ስለ ዋጋ ሳንነጋገር ነው። የላፕቶፑን አንዲት ብሎን ሳይፈታ መጀመሪያ ጽሁፎቹን በሙሉ ፒዲኤፍ አደረጋቸው፣ ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጣቸው፣ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ እንዳስገባ አደረገኝ። «አሁን ልሥራው» አለ።

ጀርባውን ሲከፍተው ማራገቢያው ላይ ያለው አቧራ እንደ ባዘቶ ተነሳ። በብሩሽ ጠረገው፣ ብሎኖቹን በውኃ ፕላስቲክ ክዳን ላይ በተራ ደረደራቸው። ጽሁፉ ሁሉ የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ በሚሉት አዲስ ዓይነት ቀየረው፣ ራም የሚሉትን የማስታወሻ ክፍልም ከ4 ወደ 8 ጊጋ አሳደገው። ስለነዚህ ነገሮች ብዙ አስረዳኝ፤ የገባኝ ግን ይህችው ናት። የድሮው ውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ነገር አለው፣ በአዲሱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የቀረውን እሱ ያውቃል።

ሐቀኝነቱን ደግሞ ስሙልኝ። «ዊንዶውስ 11ን አልጭንልዎትም፣ ይሄ ማሽን ለሱ የሚሆን አይደለም። ዊንዶውስ 10 ይሁንለት። ግን ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ለጥናትና ለጽሁፍ ይጠቀሙበት እንጂ የባንክ ጉዳይ አይሥሩበት» አለኝ። ባይነግረኝ በምን አውቀው ነበር? ባትሪውንም ቀይርልኝ ስለው «ገንዘብዎን አያባክኑ፣ ለዚህ ሞዴል ገበያ ላይ ያለው አይቆይም፣ ሰክተው ይሥሩበት» ብሎ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገንዘብ መለሰ። እንዲህ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል?

በማግስቱ ሄድኩ። ተጭኜው ወንበሬን እስክስብ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። አንዴ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፣ አላመንኩማ። ሂሳቡ አዲስ ግዢ ከተባልኩበት ዋጋ ሩቡን አይሞላም። ጽሁፉን ላወጣህበትስ ስንት ልክፈል ብለው «የአባት ቃል ላይ ሂሳብ አልጽፍም» አለኝ።

ልወጣ ስል ጠራኝ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በፕላስቲክ ጠቅልሎታል፤ ላዩ ላይ በማርከር «የአባባ» ብሎ ጽፎበታል። «ይሄ የእርስዎ ነው፣ እኔ ጋ አይቀርም» አለና እጄ ላይ አስቀመጠው።

ያንኑ ማታ ፒዲኤፉን ለእህቴ ላክሁላት። ሜሪላንድ ነው ያለችው። ደውላ ስልኩ ላይ ታነብልኛለች፣ እኔ እሰማለሁ። የማናውቃቸው የአያታችን ወንድም ነበሩ፣ ስለሳቸው ብቻ አባቴ አራት ገጽ ጽፏል። ልጄም ጥናቷን አቁማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሷ ጀምረን ወደ ላይ ስንቆጥር ሰባት ቤት ሞልቶልን ሁለት ስም ተረፈን። አሁን ልጄ በላፕቶፑ ትለማመዳለች፣ እኔ ደግሞ አባቴ ካቆመበት ልቀጥል ብዬ የሷን ስምና የእህቴን ልጆች ስም ጨምሬበታለሁ።

ወገኖቼ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጣሉት። ለመለዋወጫ አትሽጡት። ሳይጠይቅ ፎርማት የሚያደርግ ሰው እጅ ላይ አትጣሉት። ወደዚህ ልጅ ሂዱ። እጁ የተባረከ ነው፣ አፉም እንደ እጁ ነው። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ለምን እንዲህ እንደምወተውት ስትደርሱ ታውቁታላችሁ።

አንተም ይህን ካነበብከው፣ የኔ ልጅ፣ እጅህ አይንጠፍ። እናትህን ያኑርልህ። አባቴ ቢኖር ራሱ መጥቶ ይመርቅህ ነበር።

ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ ማውጣት ስላልፈለግሁ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አለ። ጠዋት ጠዋት ብትሄዱ ወረፋ አይበዛም። ቻርጀሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ባዶ ፍላሽም ጨምሩ።