ለጠበቃዬ ምስጋና፣ ዓረብ አገር ላላችሁ እህቶች ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው የፍቺ ጉዳዬን ይዘው ዳር ያደረሱልኝን ጠበቃ ለማመስገን ነው። እንደኔ ዓረብ አገር እየሠራችሁ ትዳርና ንብረታችሁ አገር ቤት የቀረ እህቶችም እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ ልላችሁ ነው። ስማቸውን በአደባባይ አልጠራም። ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው "ተይ ልጄ፣ ያለኝ ሥራ ይበቃኛል" ስላሉኝ ነው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ዱባይ ሰው ቤት እሠራለሁ፣ ደመወዜን ለባለቤቴ እልካለሁ። እሱ በዚያ ገንዘብ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገዛ፣ ካርታው በስሙ ብቻ ወጣ። አንድ ልጅ አለን፣ እናቴ ጋ ነው የሚያድገው። ትዳሩ እንዴት እንደፈረሰ አልዘረዝርም፣ ልጄ አንድ ቀን ማንበቡ አይቀርም። ቤቱ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ስሰማ ነው እህቴን ጠበቃ ፈልጊልኝ ያልኳት።

እህቴ መጀመሪያ ያጋጠማት ፍርድ ቤት በር ላይ የሚያንዣብብ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ነው። ቤቱን ሙሉ በሙሉ አስፈርድልሻለሁ፣ የባልየውንም ሱቅ አስጨምራለሁ ብሎ ቀብድ ጠየቃት። ደግነቱ የሥራ ባልደረባዋ ወደ እኚህ ሴት መራቻት። እሳቸው ደግሞ ወሬያቸውን የጀመሩት ከማይሆነው ነው።

ባለቤቴ መርካቶ ከአባቱ የወረሰው ሱቅ አለ። "ሱቁን እርሺው" አሉኝ በስልክ። በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ነው፣ ትዳር ውስጥ ሆኖ ቢያገኘውም። እኔ ደግሞ በሱቁ ብዙ ተስፋ አድርጌ ስለነበር ከፋኝ። ቀጥለው ግን "ኪራዩን አትርሺ" አሉ። ለካ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም በትዳር ዘመን የጋራ ነው። ይህን የነገረኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ስለ ቤቱ የነገሩኝን ደግሞ እናንተም ያዙት። አዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በአንቀጽ 63 መሠረት ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል እሱ ያስረዳ። ድርሻውም በመርህ ደረጃ እኩል ነው። ክልሎች ግን የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ቤታችሁ ሰበታ ወይም ባሕር ዳር ከሆነ የዚያን ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ ስለ ፍቺው አልነበረም። "ለባለቤትሽ ውክልና ሰጥተሽዋል?" ነው ያሉኝ። ሰጥቼዋለሁ፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ሁሉ ይሰጣል። በዚያ ሳምንት ዱባይ ያለው ቆንስላችን ሄጄ የድሮውን ውክልና ሻርኩ፣ ለእህቴና ለእሳቸው አዲስ ሰጠሁ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። መሻሩን ባለቤቴም ውልና ማስረጃም እንዲያውቁት አደረጉ። አዲሱን ውክልና ቃል በቃል ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው። ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ለአስተዳደር ነው፤ ለመታረቅ፣ ለመሸጥ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

የፍቺ አቤቱታው ሲገባ የእግድ ጥያቄው አብሮ ገባ። ፍርድ ቤቱ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ብሎ ለክፍለ ከተማው ጻፈ። እኔ የተነፈስኩት ያን ቀን ነው። ቀድሞ ቢሸጥ ኖሮስ? የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። የተሸጠ እንደሆነ ግን መሻሪያው ጊዜ አለው። ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ውሉ ከተደረገ ደግሞ ቢበዛ 2 ዓመት። "ስመለስ እጠይቀዋለሁ" እያላችሁ የምትጠብቁ ይህንን ልብ በሉ።

አቤቱታው ላይ የሆድ የሆዴን ላስጽፍ ፈልጌ ነበር። አይሆንም አሉኝ። ሕጉ ፍቺ ለሚጠይቅ ሰው ምክንያት ዘርዝር ብሎ አያስገድድም። ስድብ ከገባበት መልሱም ስድብ ይሆናል፣ ቀጠሮው ይረዝማል፣ የልጁ አባት መሆኑ ደግሞ አይቀርም አሉ። ልክ ነበሩ።

ፈቃድ ወስጄ ችሎት ቀረብኩ። ዳኛዋ ለማስማማት ሞከሩ፣ ሽማግሌም ተባለ፣ የማሰቢያ ጊዜ ተሰጠ። ይህ ጊዜ ከ3 ወር አይበልጥም። የልጁ ቀለብም ሳይቆይ ተወሰነ። ፍቺው ራሱ ቶሎ አለቀ። ዓመት የበላው የንብረቱ ክርክር ነው።

ባለቤቴ ቤቱን በሱቁ ኪራይ ነው የገዛሁት አለ። ኪራዩስ የጋራ አይደል? ጠበቃዋ ግን በዚህ አልረኩም። ማስረዳቱ የእሱ ዕዳ ቢሆንም ያለሽን ሁሉ ላኪ አሉኝ። የዌስተርን ዩኒየን ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫ፣ በሰው እጅ ለላክሁት ደግሞ "ደርሶኛል፣ ተባረኪ" የሚል የኢሞ መልእክት ሳይቀር ላክሁ። በቀን በቀኑ ደርድረው ከቤቱ ክፍያ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረገበ።

ሌላም መጣ። ከጓደኛዬ ተበደርኩ የሚል የ600 ሺህ ብር ወረቀት ቀረበ። የጋራ ዕዳ ከሆነ ከንብረቱ ላይ ተከፍሎ ነው የቀረው ለሁለት የሚከፋፈለው። ሕጉ ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር! ሕጉ ሲወጣ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋም አይገዛ።) እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ምን ተደረገበት? መልስ አልተገኘም። ዕዳው ለእሱ ቀረ።

መጨረሻ ላይ ቤቱ በመሐንዲስ ተገመተ። ግምቱ የአካባቢውን ገበያ እንዲያይ የተከራከሩት እሳቸው ናቸው፣ ልዩነቱም ትንሽ አልነበረም። እኔ ሐራጅ ይውጣ ብዬ ነበር። "ሐራጅ ላይ ሁለታችሁም ትከስራላችሁ" ብለው ወደ ስምምነት ገፉኝ። እሱ ቤቱን አስቀረ፣ የእኔን ግማሽ በሁለት ዙር ከፈለኝ። ስምምነቱን ፍርድ ቤት አጸደቀው። ባይከፍል ኖሮ በቀጥታ በአፈጻጸም እጠይቀው ነበር፣ አዲስ ክስ አያስፈልገኝም።

እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም፣ ሰው ይቆጣሉ፣ ረዥም የድምፅ መልእክት ከላካችሁ አይሰሙትም። ክፍያቸውም ርካሽ አይደለም። ግን ገና ከጅምሩ በጽሑፍ ተዋውለን፣ ስንት እንደሆነና ምን ምን እንደሚጨምር ተጽፎ፣ ለከፈልኩት ሁሉ ደረሰኝ ቆርጠውልኛል። ሌላ ጠበቃ የምትይዙም ብትሆኑ ውሉንና የጥብቅና ፈቃዱን ሳታዩ ብር እንዳትልኩ። የአዲስ አበባ የፍቺ ጉዳይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ስለሚታይ ፈቃዱም የፌዴራል መሆን አለበት።

መክፈል የማትችሉ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለላችሁ። አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣሉ። ይህ የቤተሰብ ሕግ እንዲሻሻል ከታገሉት አንዱ ይኸው ማኅበር ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቤተሰብ ቢሮውን ጠይቆ ይሂድላችሁ፣ ማስረጃችሁን ግን ኮፒ እንጂ ዋናውን አትስጡ።

እትዬ ጠበቃዬ፣ ይህን ሰው ካነበበልዎት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄም ሰላም ይላል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ስትደውሉ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ችሎት ናቸው። ውክልና ለማን እንደሰጣችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ አስታውሱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።