ሳይከፍቱ «ባትሪው ይቀየር» ለተባላችሁ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገኘሁት የሃይብሪድ ጋራዥ

ቀዩ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ የበራብኝ በግንቦት መጨረሻ፣ ከፒያሳ ወደ ለገሃር ቸርቸል ጎዳናን ስወርድ ነው። ያች ቁልቁለት በቤንዚንም በባትሪም ለምትሄደው ያሪስ ሃይብሪዴ ነዳጅ ማደያ ማለት ናት፤ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ባትሪው ይሞላል። ያን ቀን ግን ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሙሉ የነበረው ብሔራዊ ቴአትር ሳልደርስ ባዶ ሆነ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ስካነር ሰክቶ የብልሽት ኮዱን አጠፋና ገንዘቡን ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን ምልክቱ ተመልሶ በራ። ስመለስ «ባትሪው በሙሉ ይቀየር» አሉኝ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈቱ። በጣም አናደደኝ። እኔ ፎርሙላ አንድን የምከታተል ሰው ነኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሉዊስ ሃሚልተን ሃንጋሪ ላይ ኬርስ (ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ጉልበት አጠራቅሞ መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ) በተገጠመለት መኪና ሲያሸንፍ ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ባትሪ የብዙ ሴሎች ስብስብ እንደሆነና ሁሉም ባንዴ እንደማይሞቱ አውቃለሁ።

አሁን የምመሰክርለት ጋራዥ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ ያለ ጠባብ ግቢ ነው። መካኒኩ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም። መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን አነሣ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከመኪናው ውስጥ በሚሳብ አየር ነው፤ የአየር መሳቢያው መረብ አቧራና የልጆቼን የብስኩት ፍርፋሪ ጠጥቶ ወፍራም ጨርቅ መስሏል። «ማዘር፣ የገደለው ይኼ ነው» አለኝ። አየር ሲያጣ መሃል ያሉት ሞጁሎች፣ ማለትም ሴሎቹ የታሸጉባቸው ክፍሎች፣ ቀድመው ይግላሉ፣ ቀድመውም ያረጃሉ።

ከዚያ የባትሪውን ኤሌክትሪክ የሚቆርጠውን ብርቱካናማ ሰርቪስ ፕላግ ነቅሎ ኪሱ ከተተና የጎማ ጓንት አጠለቀ። አሥር ደቂቃ ጠበቀ። «እስከዚያ እጅዎን እንዳያስገቡ» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሄሬዝ ላይ ኬርስ ሲሞከር የቢኤምደብልዩ መካኒክ መኪናውን ሲነካ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ትዝ አለኝና ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ።

ሃያዎቹን ሞጁሎች ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። እያንዳንዱ በስም 7.2 ቮልት ነው (ሲሞላ ከዚያ ከፍ ይላል)፣ ሲደመር 144። በቴስተር ሲለካቸው 11ኛው ብቻ 6.7 አሳየ፤ የቀሩት ሁሉ ከ7.8 በላይ ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን አንዱን ቀይሮ ይዘጋው ነበር። እሱ ግን የመኪና የፊት መብራት አምፖል አምጥቶ በየተራ እያገናኘ ሁለት ሁለት ደቂቃ አበራባቸው፤ ቁጥሩን በማርከር ጀርባቸው ላይ ጻፈ። 9ኛውና 12ኛው ዝም ብለው ሲቀመጡ ጤነኛ ናቸው፤ አምፖሉ ሲበራ ግን ቮልታቸው ዓይኔ እያየ ወረደ። ጎበዝ መካኒክ ማለት ለእኔ ይኼ ነው። ሞጁሎቹን የሚያያይዙት የመዳብ ሳህኖችም አረንጓዴ ዝገት አውጥተው ነበር፤ አንድ በአንድ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጋቸው።

አምፖሉ እስኪጨርስ ስናወራ «የእሽቅድምድሞቹ ባትሪ ከዚህ ምን ያህል ይበልጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ደስ እያለኝ ነገርኩት። የእኔ ሃያ ሞጁሎች በአማካይ አንድ አንድ ኪሎ ናቸው፤ ሲሞሉ ወደ 3.4 ሜጋጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በነበረው የፎርሙላ አንድ ደንብ የባትሪው ክብደት ከ20 እስከ 25 ኪሎ፣ በአንድ ዙር ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ደግሞ ቢበዛ 4 ሜጋጁል ነበር። ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አወጣጡ ላይ ነው፤ እነሱ በ120 ኪሎዋት፣ በ33 ሰከንድ ገደማ ያፈስሱታል። በእ.ኤ.አ. 2026 ደንብ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ሞተር ወደ 350 ኪሎዋት ከፍ ብሏል። የእኔ ባትሪ እንዲህ ቢጨመቅ አይችለውም፤ እሱ የተሠራው ለዓመታት ትንሽ ትንሽ እየሰጠና እየተቀበለ እንዲኖር ነው።

ቶዮታ ራሱ ለእሽቅድምድም ሌላ ነገር እንደሞከረም ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2007 ጃፓን ውስጥ የቶካቺን 24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችው ሱፕራ ጉልበቷን ያጠራቀመችው በሱፐርካፓሲተር፣ ከባትሪ በተለየ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ ነበር። በፍጥነት ይጎርሳል፣ በፍጥነት ይተፋል፣ ግን የሚይዘው ጥቂት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የለ ማን 24 ሰዓት ውድድር ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጉልበት መያዝ ሲያስፈልጋቸው ወደ ሊቲየም ባትሪ ዞሩ። ልጁ ሥራውን አቁሞ ነው ያዳመጠኝ።

በ9ኛው፣ በ11ኛውና በ12ኛው ምትክ ለገቡት ሦስት ያገለገሉ ሞጁሎችና ለሥራው 27 ሺህ ብር ከፈልኩ። ሁለት ቀን ያለኝ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ምክንያቱ ሃያዎቹን እኩል እስኪሆኑ ለየብቻ ቻርጅ ማድረጉ ስለነበር አልተከፋሁም። የከፋኝ ሌላ ነው። የተከፈተ ባትሪ ደንበኛ በሚተላለፍበት ቦታ ይቀመጣል፣ ለሁለት ሠራተኛም ያለው ጓንት አንድ ጥንድ ነው። ይኼን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

ስድስት ሳምንት ሆነኝ፤ ቸርቸልን ስወርድ ባትሪው ሞልቶ ለገሃርን አልፌም ይቆያል። ቅዳሜ ግቢው መቆሚያ ስለማይኖረው በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ዋስትናው የሦስት ወር ነው፣ በቃል ብቻ። እኔ ግን የተቀየሩትን ሞጁሎች ቁጥርና ቀኑን በወረቀት ጽፎ እንዲፈርምልኝ ጠየቅኩት፣ ሳያንገራግር ጻፈልኝ።