«ካምቢዮው ሞቷል» ስለተባላችሁ ብቻ ቀብድ አትክፈሉ

ጅማ ውስጥ አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ጋራዥ አትግቡ። ማርሽ የሚያዘገይ ወይም የሚመታ ኮሮላ ሲገባ፣ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ከአዲስ አበባ ያገለገለ እናስመጣለን፣ ቀብድ አምጡ» የሚል ውል ይቀርባል። ምርመራ የለ፣ ዋስትና የለ፣ አሮጌው ካምቢዮም (የማርሽ ሳጥኑ) እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለውን ውል አትቀበሉ። ካምቢዮ ሳይወርድ መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

ከዘይቱ ጀምሩ። ቶዮታ ከሆነ 20 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙት። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አድርሳችሁ ወደ ፒ መልሱት። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከታችሁ እንደገና አውጡት። ዘይቱ «ሆት» በሚለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ሆንዳ ግን የሚለካው ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ነው፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት መካኒክ አለና እያያችሁ አስለኩ። ጨርቁ ላይ የቀረው ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው የውስጥ ፍሪሲዮን ሸራዎች (ማርሽ የሚይዙት ሳህኖች) እየነደዱ ነው። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ መኪናውን ከዚያ በኋላ አታንቀሳቅሱት፣ ውሃ የሸራውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። ራዲያተሩን ትቶ ካምቢዮውን ብቻ የሚቀይርላችሁ ሰው ሁለተኛውንም ካምቢዮ ያበላሽባችኋል።

ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ መኪናው ጠዋት ዲ ሲገባ ይዘገያል፣ ወደ ጅሬን አቀበቱን ሲወጣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም። ልክ እንደሞተ ካምቢዮ ነው የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ አስፈልጉ፣ ትክክለኛውን ዘይት አስሞሉ። ዘይቱን እኔ አመጣዋለሁ ለሚላችሁ የጣሳውን ጽሑፍ ሳታዩ እሺ አትበሉ፦ ቲ-ፎር የተባለውን ዘይት የሚጠይቅ ቶዮታ ላይ ደብልዩኤስ የተባለው አይሞላም፣ ሲቪቲ (ደረጃ የሌለው ካምቢዮ) የሆነ ቪትዝ ደግሞ የራሱን የሲቪቲ ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቀጥሎ ኮምፒውተር አስነብቡ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ኮድ አለ። «ኮምፒውተሩ ካምቢዮ ነው ይላል» የሚል መልስ አይበቃም፤ ቁጥሩን በወረቀት አስጽፉ። ፒ0753 የሶሌኖይድ (የካምቢዮ ዘይት መንገድን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) የኤሌክትሪክ ችግር ነው፤ ፒ0717 እና ፒ0722 የፍጥነት ሴንሰሮች ናቸው። የቶዮታ ማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ11 እስከ 15 ኦም ማሳየት አለበት። ከዚህ ከወጣ የሚቀየረው ሶሌኖይዱ ነው፣ እሱም በብዙዎቹ ላይ የታችኛው ኮፓ (የዘይት ገንዳው) ተፈቶ ይወጣል። ሶኬቱ ዝጎ ወይም ሽቦው ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ያንንም አሳዩ።

አራተኛ ማርሽ አልገባ ካለ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል) መኖሩን ጠይቁ። ወደ ግቤ በረሃ ስለሚወርድ እንዳይግል ተብሎ ቴርሞስታቱ የወጣበት መኪና ሞተሩ በቂ ሙቀት አይይዝም፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ እስኪሞቅ ኦቨርድራይቭ (የመጨረሻውን ማርሽ) ይከለክላል። ካምቢዮው ምንም አልሆነ! ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮ የሚሄድ ገመድ ያላቸው የቆዩ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ገመዱ ከላላ ማርሹ ቶሎ እየተቀየረ ያንሸራትታል፣ ከከረረ ዘግይቶ ይመታል። የደከመ ካንዴላም ካምቢዮው የተበላሸ እያስመሰለ መኪናውን ያንገጫግጨዋል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ኮፓው ሲፈታ ውስጡ ባለው ማግኔት ላይ የተጠራቀመውን በጣታችሁ እሹት። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ዱቄት የተለመደ ነው። የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ካገኛችሁ ግን ካምቢዮው በእርግጥ ተጎድቷል።

ያኔም ቢሆን ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የሚመጣው ካምቢዮ የሞዴል ቁጥር ከእናንተው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ፤ በአካል የሚመሳሰል ግን የማይስማማ ብዙ ነው። ከመገጠሙ በፊት ኮፓው ፊታችሁ ይፈታ። የዘይት ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ይታጠቡ ወይም ይቀየሩ፣ አለበለዚያ የአሮጌው ስባሪ አዲሱ ውስጥ ይገባል። ቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ክፍል) የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ ላይ እስከ መጨረሻው ሳይቀመጥ ቡሎን ከጠበቀ ፓምፑ ይሰበራል፤ ይህ የገጣሚው ጥፋት ስለሆነ ዋስትናው ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። አሮጌው ካምቢዮ የእናንተ ንብረት ነው። ቀሪውን ገንዘብ የምትከፍሉት ዘይቱ ከሞቀ በኋላ፣ ፍሬን ተረግጦ ከኤን ወደ ዲ ሲገባ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ሲገባ ከ1.5 ሰከንድ በታች መያዙን በስልካችሁ ሰዓት ለክታችሁ፣ የጅሬንንም አቀበት ሳያንሸራትት ሲወጣ አይታችሁ ነው።